ጀርመን ስለተቀመጠው ጽሑፌና ቀበሌ ስለቀረው መታወቂያዬ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት አዴ ቀለሟ
የቀበሌያችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ነቀምቴ

ጉዳዩ፦ በጸጥታ ክፍል የተያዘብኝ መታወቂያ እንዲመለስልኝ አቤት ስለማለት

ክብርት ሆይ፣

አስቀድሜ ከባድ ዜና በታላቅ ሐዘን አሳውቃለሁ። ጀርመን አገር በቁጥጥር ሥር ውላለች። የተያዘችውም በቀበሌያችን አዳራሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በእጅ ማውጣት ድምፅ ነው። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፣ ከእኔ በስተቀር።

አመልካች ሮብሳን ደረሳ እባላለሁ። ባጃጅ ነጂ ስሆን አሥረኛ ክፍልን ከአንድ ጊዜ በላይ ተምሬአለሁ። በኦሮምኛ ያስገባሁት አቤቱታ «ፋይል ውስጥ የለም» ስለተባልኩ ይህኛውን በእናቴ ቋንቋ ጽፌዋለሁ፤ አማርኛው ለመጥፋት ይሰንፍ ይሆናል። እናቴ ወይዘሮ ወለቴ የምትኖረው አንገር ጉቲን ነው፣ ብቻዋን። በቆሎዋ ደርቆ ቆሟል። ያለ መታወቂያ መንገዱ ላይ ያለውን የኡኬን ኬላ አላልፍም፤ እኔ ካልደረስኩ ደግሞ የሚሰበስብላት ሰው የለም።

1. የሰፈራችን ወጣቶች መረዳጃ ማኅበር አባላት በስልክ የምንጻጻፍበት ገጽ አለን። ጸሐፊያችን መሸሻ አዲስ አበባ ሥልጠና ወስዶ አንገቱ ላይ ካርድ አንጠልጥሎ ተመለሰና «ከዛሬ ጀምሮ ጽሑፋችን የሚቀመጠው ጀርመን ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው። የጀርመን ሕግ ይጠብቀናል። መንግሥት ማንበብ ካማረው ፓስፖርት አውጥቶ ይሂድ» አለን። አጨበጨብን። ካርዱን እስከ ዛሬ አላወለቀም፤ ሳይተኛበትም አይቀርም።

2. ገጹን የሚከፍት ዋና የይለፍ ቃል አስፈለገ። በደንባችን መሠረት ማንኛውም ውሳኔ የሚጸድቀው በጠቅላላ ጉባኤ፣ የቀበሌ ታዛቢ በተገኘበት ነው። መሸሻ ደንብ አክባሪ ነውና የይለፍ ቃሉን ለጉባኤው አቀረበ። ታዛቢው የጸጥታ ኃላፊው ኦቦ ዋቅወያ ነበሩ፣ ፊት ወንበር ላይ። ቃሉ ሲነበብ ራሳቸውን ነቅንቀው «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ይሄ እኮ ደካማ ነው፤ ሌባ ይገባበታል። ቁጥር ጨምሩበት» አሉ። ቁጥሩንም ራሳቸው ሰጡን። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እንዳይረሳም በኅብረት ደገምነው።

3. ከስብሰባው ስንወጣ መሸሻን «ወንድሜ፣ ኦቦ ዋቅወያ ሰምተውታል እኮ» ብዬ ብነግረው «ቢሰሙስ? ኮምፒውተሩ ያለው ጀርመን ነው አልኩህ» አለኝ። ከተማረ ሰው ጋር መከራከር ስለማይገባ ለመሞከር ያህል በገጹ ላይ ይህን ጻፍኩ፦ «የኦቦ ዋቅወያ ሱሪና ካልሲ ተኳርፈዋል፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄዷል። የሚያስታርቅ ሽማግሌ ይላክ።»

4. በማግስቱ ቢሮ ተጠራሁ። ኦቦ ዋቅወያ ጽሑፌን ከስልካቸው ቃል በቃል አነበቡልኝ። ከየት እንዳገኙት በትሕትና ብጠይቃቸው፣ እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር እየሰበሰቡ «ጀርመን ደርሼ መጣሁ» አሉኝ። ከዚያም መታወቂያዬን «ለማጣራት» ብለው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ምን እንደሚጣራ እስካሁን አልተነገረኝም፤ ሱሪው እንደሆነ በዓይን ይታያል።

5. ስለ ጀርመን ክፉ አልናገርም፤ ኮምፒውተሩን በአጥርም በሕግም ይጠብቁት ይሆናል። ነገር ግን ስልኬ ያለው እዚህ ነው። ሲም ካርዱን ያወጣሁት እዚሁ፣ በዚያው በተያዘው መታወቂያ ነው። ስልኩን የሚከፍተው አውራ ጣቴም እዚሁ ነቀምቴ ነው የሚያድረው። የይለፍ ቃሉን ማንም ባይሰማ ኖሮ እንኳ «ና፣ ክፈተው» መባል ይበቃኝ ነበር። መሸሻ ባሕር ያሻገረው ጽሑፉን ነው፤ እኛን አላሻገረንም። ጽሕፈት ቤታችሁም ቢሆን በዚህ ድል ባይኮራ መልካም ነው። ጮክ ብሎ የተነገረን ቃል ሰምቶ መጻፍ አንደኛ ክፍልም ይሰጣል።

6. እናቴ ትናንት ደውላ «ሮቤ፣ ዝንጀሮው ካንተ ቀድሞ አጨደው እኮ። እሱን ኬላ ላይ ማን ጠየቀው?» ብላኛለች። ክብርትነትዎ መልስ ቢኖርዎት እነግራታለሁ።

ስለዚህ መታወቂያዬ እንዲመለስልኝ፣ ጽሕፈት ቤቱም ገጻችንን ማንበቡን የሚቀጥል ከሆነ በግልጽ እንዲነገረን አመለክታለሁ፤ ቢያንስ ፊደል አስተካክለን እንጽፋለን። መሸሻን በተመለከተ ምንም አልጠይቅም። ካርዱ ይበቃዋል።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ክብርት ሆይ፣ ጉዳዩ ይህን ሁሉ ወረቀት የሚያስፈጅ አይደለም። አገር አልተከዳም፣ የወጣ ምስጢር የለም፣ ካልሲውም ንጹሕ ነበር። አንዲት መታወቂያ ከመሳቢያ አውጥቶ መስጠት ነው፣ በቃ። ዛሬ ከሰዓት ቢሰጠኝ ነገ በቆሎው ውስጥ ነኝ።

ከሰላምታና በር ላይ ቆሞ ከመጠበቅ ጋር፣

ሮብሳን ደረሳ
(ፊርማ)