ድንጋይ በጫንቃ

ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት
መንገዱ በተቃውሞው ዛሬም ዝግ። ታክሲ የለም፣ ባጃጅ የለም። ሱቄን አልከፈትኩም። የእህቴ ልጅ ሜሮን ለሁለት ቀን ብላ ከአዲስ አበባ መጥታ ይኸው ሳምንቷ። ከተማችን ዓለም ገና ዩኒቨርሲቲ ሆነችብሽ፣ መቼ ትመረቂያለሽ አልኳት። አልሳቀችም። ደብተሬ፣ ቀልዴ ገበያ አጣ።

በ19 ቅ/ገብርኤል ነው። የጽዋ ማኅበራችን ተራ የእኔ። ወንጌል የማነበውም እኔ። ፊደል ከስኳር ጆንያ ላይ የለየሁት ሰውዬ፣ ቄሱ ፊት ሳልደናቀፍ! ስለ ትሕትና የሚል እፈልጋለሁ። ለማኅበርተኛዬ ለኦቦ ገመቹ እንዲገባው።

ታኅሣሥ 11
ለምን ለእሱ? ባለፈው ወር ጽዋ ላይ ነው። ቀያሾች መጥተው እርሻው ጥግ ቀይ ቀለም ቀቡ አለን። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን መሬቴን ይበላል ብሎ ፈርቷል። እኔ ምን አልኩ? ኦቦ፣ ከተሜ ሊያደርጉህ ነው፣ ለአንተም ለበሬዎችህም ከረባት ግዛ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ገመቹ ጽዋውን ሳይቀምስ አስቀምጦ ወጣ። ሃያ ዓመት አብረን ጠጥተን! ቀልድ የማይችል ሰው ብዬ አወራሁ።

ታኅሣሥ 13፣ ከሰዓት
በሰበታ በኩል ተኩስ። በር ቆልፈን ተቀመጥን። ሜሮን ንባብዎን ይለማመዱ አለችኝ። ማቴ. 5 ተከፈተ። መባ ይዘህ መጥተህ የተቀየመህ ወንድም ትዝ ካለህ፣ መባውን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ይላል። ቆምኩ። ከበደዎት እንዴ አለች። መነጽሬ ነው አልኳት። ውሸት።

ታኅሣሥ 16
ሌላ ምዕራፍ ስፈልግ ሰነበትኩ። ትሕትና የሚመክር ሞልቷል፤ እኔን የሚዘል አጣሁ።

በእኛ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ተንኮሌ አልተወኝም። ጠጠር ኪሴ ከተትኩ፣ ያው ድንጋይ ነው ብዬ። ለሜሮን አሳየኋት።

"ጋሼ፣ እግዚአብሔር ላይም ይቀልዳሉ?"

ጠጠሩን ጣልኩ። ከደጅ ትልቁን ተሸክሜ ወደ ገመቹ ቤት ወጣሁ። ድልድዩ ጋ ወታደሮች። በዚህ ሰሞን ድንጋይ የያዘ ሰው ምን እንደሚመስል ትዝ ያለኝ ያኔ! ጣል፣ ተንበርከክ አሉኝ። ለዕርቅ ነው ብል ማን ይስማኝ? ፀሐይ ላይ አቆይተው መለሱኝ። ጉልበቴ መታጠፍ እንደሚችል አየሁ። ለጠመንጃ ታጠፈ። ለገመቹ ግን ወር ሙሉ አመመኝ ስል ነበር።

ታኅሣሥ 18፣ ጠዋት
ነገ ነው። ጠላው ደርሷል፣ ሊጡ ተቦክቷል። የገመቹን ትልቁን ልጅ ትናንት ወታደሮች ወስደውታል አሉ። በዚህ ቀን እንዴት ይሄዳሉ ትላለች ሜሮን። በየትኛው ቀን ልሂድ?

ባዶ እጄን፣ ድልድዩን ትቼ በእርሻው አቋርጬ እሄዳለሁ። ድንጋዩን ከራሱ ደጅ አነሳለሁ። ሰው ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት፣ የሳቁት ሁሉ እያዩ። ዲፈማ እለዋለሁ፣ ይቅርታን በገዛ ቋንቋው። ሌላ ቃል አልጨምርም፤ ከጨመርኩ ቀልድ ይሆናል። ከማረኝ ነገ ወንጌሉን እሱ ያነባል፣ እኔ በሩ ሥር እቀመጣለሁ።

ዝም ካለኝም እቆማለሁ። አውርደው እስኪለኝ አላወርደውም።