በእቴ የሻረግ ጉድጓድ ውስጥ ያፈሰስሁት ጭቃ

ሰኞ፣ መጋቢት 10
ጉድጓዱ ዛሬም ተናደ። ሲናድ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ጎረቤቴ እቴ የሻረግ ባሏ ከሞተ ወዲህ ተስፋዋ ሽንኩርቷ ነው፤ እሱም ውሃ አጥቶ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ቆፋሪው አባ ተገኘ አሸዋው እንዳይፈርስ ቀጭን የእበትና የዋልካ ጭቃ ያፈሱበታል። አልያዘም። እኔ ዝም ብዬ አየሁ። እኔ ዝም ማለቴ ለመንደራችን ለቁሐር ሚካኤል ታሪክ ነው፤ መጻፍ ያስተማረኝ የማታ ትምህርት ይባረክ፣ ራሴው ጻፍሁት።

ማክሰኞ፣ 11
ዘዴው የኔ ነው! ትናንት ማታ ምሽቴ የጾም ተልባ በጨርቅ ስታጠል አየሁ። ሲተዉት ጨርቁ ላይ ቁጭ ይላል፤ ሲጨምቁት ይወርዳል። አንድ ቁና ተልባ ወቅጬ፣ በትኩስ ውሃ በጥብጬ ከጭቃው ጋር ለወስሁት። ሲያማስሉት ውሃ፣ ሲተዉት ገንፎ! አሸዋው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ውሃ ያለበት ደረስን።
አባ ተገኘ፣ «ዛሬውኑ ጭቃውን በንጹህ ውሃ እንጠበው። ነገ ሚካኤል ነው፣ መሬት አይነካም» አሉ።
«አባ፣ እርስዎ ይረፉ። ጭቃዬ እስከ ሐሙስ ዘብ ይቆማል።»
ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ስቀው ተዉኝ።

ረቡዕ፣ 12
በዓል። ከቅዳሴ በኋላ ስለ ጭቃዬ አወራሁ። «መሐንዲሱ መጣ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። እቴ የሻረግ ሰዉን ሁሉ ትታ እኔን መረቀችኝ።

ሐሙስ፣ 13
ውሃ የለም።
ውሃ የሚያስገባው የተበሳሳ ቧንቧ ወረደ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር ተነሳ፣ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ምንም። አባ ተገኘ ከሥር የወጣ አሸዋ በእጃቸው ጨምቀው አሳዩኝ። ጭቃዬ በአሸዋው ፍሬ መካከል ገብቶ ረግቷል።
«የሚያነቃንቀው ሲያጣ በየቀዳዳው ተኛ። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ስትቀልድ ስቄ ተውሁህ።»
ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እቴ የሻረግ ቅጠሉን እየዳበሰች ወደ ቤቷ ሄደች። ያን ምርቃት ምን አድርጌ ልመልስላት?

ዓርብ፣ 14
ነገና ከነገ ወዲያ ሰንበት ነው፤ ዛሬ ካልሆነ ሽንኩርቱ ሰኞን አያይም። ዱላ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልለን ቧንቧው ውስጥ ስናስገባ ስናስወጣ ዋልን። በዝግታ ሲሉት ጭቃው አይነቃነቅም። በኃይል ሲያንገላቱት ትንሽ ይለቃል። መዳፌ ተላጠ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚለጠጥ ጥቁር ልጋግ ወጣ፣ ቀጥሎ ድፍርስ ውሃ። ጥቂት ነው። ለቅርቦቹ መደቦች ብቻ በቃ።
እቴ የሻረግ፣ «አንተ፣ ዝም ስትል ታስፈራለህ። አንድ ነገር በል እንጂ» አለችኝ።
አፌን ከፈትሁ። ቀልድ አልመጣም። «ይቅር በይኝ» አልሁ።
«መጀመሪያ ውሃው ይምጣ» አለች።

ቅዳሜ፣ 15
ጧት ሄጄ አየሁ። የቅርቦቹ ቅጠላቸው ቀና ብሏል። ከወዲያ ያሉት አራት መደቦች መሬት ላይ ተኝተዋል። ሰኞ ውሃ ቢደርሳቸው ይነሱ እንደሆነ አባ ተገኘን ጠየቅኋቸው። ሰንበትም ቢሆን ጎንበስ ብለው አንዱን ነቀሉ፣ ሥሩን አዩ፣ መልሰው ተከሉት።
«እንጃ» አሉ።
እሳቸው እንጃ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።