የማይናገረው አክተር

አስሜ ጌታዬ፣ ከተለያየን ስድስት ወር አልፎ ሰባተኛው ተጋምሷል። መንፈቅህን አውጥተናል። እስካሁን በቃሌ ሳወራህ ነው የከረምሁት። ልብስ ሳጥብም፣ የተማሪ ደብተር ሳርምም አወራሃለሁ። በአፍ ሲሆን ግን እየሸሸሁ የማልፈው ነገር አለ፤ ወረቀት የያዝሁት ለሱ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞርሁት። ፒያሳ ያለውን ሱቅህን አንዲት ጫማ ሻጭ ይዛዋለች። «አስማማው ቴሌቪዥን ጥገና» የሚለውን ጽሑፍ በነጭ ቀለም ሸፈነችው፤ ፀሐይ ሲመታው ግን ፊደሉ ከሥር ብቅ ይላል። እኔም በዚያ ማለፍ ትቼ በባጃጅ ዙሬ ነው ትምህርት ቤት የምሄድ። ጌሙ፣ ያ የጠገንኸው የጨዋታ ማሽን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር እንዳለ ነው፤ አቧራውን እጠርጋለሁ እንጂ አልከፍተውም።

ያን ጌም ከሳንጃ የመጣ የሰሊጥ ነጋዴ «ሞቷል፣ ለመለዋወጫ ይሁንህ» ብሎ ነበር የጣለልህ። አንተ ሦስት ቀን አጎንብሰህ ነፍስ ዘራህበት። ውስጡ ሁለት ጨዋታ ተገኘ፤ ሁለቱም ረጃጅም ታሪክ ናቸው። አክተሩ፣ የታሪኩ ዋና ሰው፣ አገር ለአገር ይዞራል፣ ሰው ያገኛል፣ የሚመልሰውን ደግሞ ከተጻፉት መልሶች አንተ ትመርጥለታለህ። የአንደኛው አክተር ድምፅ የለውም፤ የመረጥህለት መልስ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፣ ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። የሁለተኛው በራሱ ድምፅ ይናገራል። ነገሩ ሁሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንተ መጫወቻውን ይዘህ፣ እኔ መምህሯ አጠገብህ ተቀምጬ እየተረጎምሁ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳችንን በልተን እንጀምራለን። ልጅ ላልወለደ ቤት ጫጫታችን ያ ነበር።

አንተ ዝም የሚለውን ወደድህ። «እሱ ዝም ሲል በሱ ቦታ እኔ አለሁ፤ ሸጋ ሰው ነው» አልህ። ጨዋታው የአክተሩን ስም ሲጠይቅህም አስሜ ብለህ አወጣህለት። እኔን ግን ያበሽቀኝ ነበር። ወዳጁ እፊቱ ሲሞት እንኳ ግንድ መስሎ ይቆማል። መንደሩ ሁሉ ጉዱን ይዘከዝክለታል፣ እሱ ራሱን ነቅነቅ ብቻ። ይሄ አክተር ነው ወይስ የአጥር እንጨት እልህ ነበር። አንተም የጃናሞራ ሰው አግብተሽ ዝምታን ልትሰድቢ ነው ወይ ብለህ ትስቃለህ። መቼም ካንተ አፍ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውኃ ማፍለቅ ነበር።

የሚናገረውን አንድ እሑድ ሞከርነው። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆሞ እርዳኝ ሲል፣ ከመልሶቹ «አልችልም» የሚለውን መረጥህ። አክተሩ ግን አልችልም ብሎ አላበቃም፤ ሽማግሌውን አመናጭቆ፣ ከፊቴ ጥፋ ብሎ ሰደበው። ስተረጉምልህ ፊትህ ተለዋወጠ። መጫወቻውን አስቀምጠህ «እኔ እንዲህ አላልሁም፤ እኔ ሽማግሌ አልሰደብሁም» አልህ። ተመልሰን ይቅርታ የምንልበት መንገድ እንዳለ አስፈለግኸኝ፤ አልነበረም። እኔ ሳቅሁ፣ አንተን ግን እስከ ማግስቱ ከፍቶህ ነበር።

በዝምተኛው ጨዋታ ላይ ያደረግሁት ግን አያስቅም። አንዲት እናት በሯ ላይ ቆማ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰውን አክተር ልጄን አይተኸዋል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሦስት መልስ ነበረ፦ ሞቷል፣ በሕይወት አለ፣ አላየሁትም። ልጁ መሞቱን ሁለታችንም አይተናል። እኔ የመጀመሪያውን ዘልዬ ሁለቱን ብቻ አነበብሁልህ። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ አጠገቧ ሆኖ እንጂ ብቻዋን ላለች ሴት ደጅ ላይ ተቁሞ ይነገራል እንዴ? ጨዋታ መሆኑን እያወቅሁ አንደበቴ እምቢ አለኝ። አንተም አለ በላት አልህ። ሴትዮዋ ስንቋን ቋጥራ ልትፈልገው ወጣች፤ ከሦስት እሑድ በኋላ መንገድ ላይ በረዶ ውስጥ ሞታ አገኘናት። የዘለልሁትን ያን ጊዜ ነገርሁህ። አልተቆጣህም። «ምነው የሻረግ፣ ቃሉን እንዳለ ስጭኝ። ከፋም ለማም መምረጡ የኔ ነው» አልኸኝ። እሺ አልሁ።

እሺ ባልሁ በዓመቱ ሆድህን ያምህ ጀመር። ሐኪሙ ወጣት ነበር። እንግሊዝኛ እንደምሰማ ሲያውቅ፣ አንተ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ሳለህ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። የጉበት ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል አለ። አዲስ አበባ ሄዶ ሕክምና ሊሞክር ይችላል፤ ተስፋው ጠባብ ነው፣ እዚያው ሊቀርም ይችላል። ወይም እዚሁ ተኝቶ ሕመሙን የሚያስታግስ ይወስዳል። ወይም ቤቱ ገብቶ ከዘመዶቹ ጋር ይሆናል። የሚሻለውን ራሱ ይምረጥ፣ ጠይቂው አለኝ። አንተ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየህ «ምን አለ?» አልህ። ጨጓራ ነው፣ መድኃኒት ይሰጥሃል አልሁህ።

ከትውልድ አገርህ ከመካነ ብርሃን ለመጣው ታላቅ ወንድምህ ለአያ ደሴ ደጅ ላይ ቁርጡን ነገርሁት። አለቀሰ። «እንዳትነግሪው። ልቡ ከተሰበረ ቀኑን አይሞላም። ጠበል እንወስደዋለን» አለኝ። በሱ አላሳብብም፤ እሱ ባይልም አልነግርህም ነበር። እኛ አገር የታመመበትን ሰው የሚወድ እንዲያ ነው የሚያደርግ፤ እኔም ስወድህ ነው ያደረግሁት።

ሁለት ወር ቤት ተኛህ። ጠያቂው ሁሉ አልጋህን ከቦ የራሱን ችግር አወራልህ፤ ዝናቡ እንደ ዘገየ፣ መንገዱ እንደ ተዘጋ። አንተ ራስህን ነቅነቅ ታደርጋለህ። አክተር አይሞትም ብዬ ቀለድሁ፤ ለወጉ ፈገግ አልህ። የንስሐ አባታችንንም እንዳትጠረጥር ብለን እንደ ጠያቂ አስቀመጥናቸው፤ ጸሎት አድርሰው ሄዱ። ሞቱ ያልተነገረው ሰው ምን ብሎ ይናዘዛል? አንድ ቀን ብቻ፣ «ሐኪሙ ያን ሁሉ ተናግሮ አንቺ ሁለት ቃል ነው የነገርሽኝ» አልህ። እኔ ትራስህን አስተካከልሁ። ውኃ ላመጣልህ ጓዳ ስገባ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሄድህ።

አያ ደሴ «ምን ተናዘዘ?» አለኝ። ከአባትህ ጎን ሊቀብሩህ፣ መካነ ብርሃን ሊወስዱህ መኪና አቁመው ነበር። መቃብርህን ማየት ሲያምረኝ ተራራ ለተራራ ልጓዝ ነው ብዬ ደነገጥሁ። እዚሁ ጎንደር ቅበሩኝ፣ ወደዚያ አትውሰዱኝ ብሏል አልሁ። የሟች ቃል ነውና ማንም አልተከራከረም። አልቃሿም ተቀብላ ሙሾ አወረደችበት፤ አገር ሰማው። በሕይወትህ ድምፅህን ነሣሁህ፤ ከሞትህ በኋላ ደግሞ ያላልኸውን አናገርሁህ፣ ሽማግሌውን እንደ ሰደበው እንደዚያ አክተር።

እናትህ አቅም አጥታ ለቀብር አልመጣችም። ስልክ በደወልሁ ቁጥር ግን «ልጄ የአባቱን አፈር የተጸየፈ እኔ ምን በድየው ነው?» ትለኛለች። ሌላ ነገር አትጠይቀኝም። እህል እምቢ ብላ ሰውነቷ እንዳለቀ ሰማሁ።

ያለፈው ቅዳሜ መካነ ብርሃን፣ እናትህ ዘንድ ሄድሁ። በደባርቅ በኩል ያለውን አቀበት መኪናው እያቃሰተ ሲወጣ መመለስ አምሮኝ ነበር። አያ ደሴን አስጠርቼ፣ እናትህ እግር ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ተናገርሁ፤ ሐኪሙ ያለውን፣ እኔ የደበቅሁትን፣ የፈጠርሁትን። አያ ደሴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። እስካሁን አላናገረኝም፤ አልፈርድበትም።  እናትህ እጄን ይዛ «ታዲያ ልጄ ምን አለ?» አለችኝ። ምንም አላለም እማ፣ አልጠየቅነውም አልኋት። እጄን ለቀቀችው።

አስሜ፣ እስክከተልህ ድረስ ከልቤ አትወጣም። ሰው ስላንተ ሲጠይቀኝ ያልኸውን እናገራለሁ፤ ካልኸው አንዲት ቃል አላልፍም። ቁጭ ብዬ አሰብሁት፤ ጥቂት ነው። ከጥቂቱ አንዱ «ምን አለ?» ያልኸው ነው። መልሱን ይኸው ዛሬ ጻፍሁልህ፣ ሳልቀንስ። ሐኪሙ ካለው ከሦስቱ የትኛውን ትመርጥ እንደነበር ግን አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬም ለማንም አልናገርም።

ያንተው የሻረግ