የአንድ ጓደኛዬ ጉዳይ

ሰኞ፣ መጋቢት 4

ተበድያለሁ። የእህቴ ልጅ የመስኮት ዳሩን ወንበሬን ወሰደችብኝ። የእኔን ቅርጽ ይዞ የኖረውን! እኔ በርጩማ ላይ... ወገቤ ይመስክር።

“አጎቴ፣ ቢሮዬ ኑ ስላቸው ወንዶቹ ይሸሻሉ። አንተ ቤት ግን ሁሉም ይመጣል” አለችኝ። ሶሲዮሎጂስት ናት። (ቃሉን አጥርቼ ለመጥራት ስንት ቀን ታገልኩ!) የምታጠናው፦ ልጅ ሲዘገይ ለምን ሴቷ ብቻ ትመረመራለች? ሴቶቹ ነግረዋታል፤ ከሐኪም ሐኪም የተንከራተቱት። ባሎቹ ግን ጭጭ። አለቃዋ ደግሞ “በዚህ ወር ወንዶች ካላናገርሽ የወንዶቹን ምዕራፍ ከመጽሐፍሽ ሰርዢው” ብሏታል።

“ከተሰረዘማ ጥፋቱ እንደገና የሴቶቹ ብቻ መስሎ ይታተማል።”

ዐይኗ እንባ አቀረረ። ወንበሩን ትውሰደው... ምን አባቱ!

ሐሙስ፣ መጋቢት 7

ተንኮል ሠራሁ። ደስ ሲል!

ዳማ የሚጫወቱት የሰፈራችን ወንዶች ዘንድ ሄጄ “የእህቴ ልጅ የምትፈልገው ደፋር ወንድ ነው፤ እናንተን አይመለከትም” አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ ጢም አለ። ሥጋ ሻጩ ጎረቤቴማ “እኔ ኮቴን የሰቀልኩበት ግድግዳ ያረግዛል!” ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ካገባ ዓመታት አለፉ፤ ልጅ ግን የለውም። ማን ደፍሮ ያነሳበታል?

ሲወጡ የእህቴ ልጅ “አጎቴ፣ ሰው አምጣልኝ ብልህ አንበሳ ሰበሰብክልኝ” አለች። እውነት የሚባል ነገር ጠብ አላለም። አበላሸሁባት ይሆን?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

ለካ ከእኔ ትብሳለች! መልሳ ጠራቻቸውና “ስለ ራሳችሁ አልጠይቅም። ልጅ አልመጣ ያለው ጓደኛ ያላችሁ ግን ስለ እሱ አጫውቱኝ” አለቻቸው።

ከመሃላቸው ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። “አንድ ጓደኛ አለኝ...”

ከዚያማ ማን ያቁማቸው! ይህ ሁሉ ጓደኛ የት ነበር? ሻይ እየቀዳሁ ጆሮዬን አቆምኩ።

መጨረሻ ላይ ሥጋ ሻጩ። “የእኔ ጓደኛ... እናቱ ሚስቱን ‘መካን’ ስትላት ቁጭ ብሎ ይሰማል። ችግሩ የእሱ ቢሆንስ? ይህን ነው የሚፈራው።”

ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ!

እሑድ፣ መጋቢት 17

ምዕራፉ ተረፈ! አለቃዋ አንብቦት “ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው” አለ አሉ። “ታዲያ እኔስ ማዕረግ የለኝም?” ብላት “ረዳት ተንኮለኛ” ብላ ሾመችኝ። ተቀብያለሁ።

ምሳ ልንበላ ስንል በሩ ተንኳኳ። በእሑድ ማን ይሆን? ከፈትኩ። ሥጋ ሻጩ፤ ከነሚስቱ። ላቡ በፊቱ ይወርዳል። በእኔ ትከሻ አሻግሮ የእህቴን ልጅ አያት።

“እህቴ... ያ ጓደኛዬ እኔ ነኝ። ነገ መጀመሪያ የምመረመረው እኔ ነኝ። የትኛው ሐኪም ጋ ልሂድ?”

ልቀልድበት አፌን ከፍቼ ነበር... ተውኩትና ከበሩ ገለል አልኩላቸው።

ሚስቱ ከኋላው ብቅ አለች። “ኧረ ቶሎ ንገሪው እቴ፣ ሐሳቡን ሳይቀይር!”