አባባ ስጋ ብቻ የሚበላበት ምክንያት

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ፣ ያ ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ሳልሽስ እንዴት አደረገሽ? ጋሼስ አዲሱ ሥራ ተስማማው? ልጆቹስ ቁመታቸው የት ደረሰ? እኛ ደህና ነን። ደህና ስልሽ ግን እማማ የሌለችበት ቤት ደህና የሚሆነውን ያህል ማለቴ ነው።

ባለፈው ስትደውዪ "ሰውየውን ስጋ ብቻ እያበላህ ልትጨርሰው ነው ወይ?" ብለሽ ጆሮዬ ላይ ከዘጋሽው ወዲህ መልሱ ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። በአፌ ስናገር እንደምቸኩል ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

አባባ ከቀብሩ በኋላ ምግብ እምቢ ማለቱን አይተሻል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባሰበት። ጎረቤት ያመጣውን ሾርባ በማንኪያ ያማስልና ይተወዋል። ምስር ቢሆን፣ ጎመን ቢሆን፣ ድንች ቢሆን አንዴ ጎረስ አድርጎ ጠገብኩ ነው። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ቀበቶውን በምስማር በሳሁለት። ከዚያ አንድ ቀን ከሰፈር ሲመለስ፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር ጓደኛው ስጋ ብቻ በልቶ ከስኳሩም ከጉልበት ሕመሙም እንደተገላገለ ነገረኝና "ከዛሬ ጀምሮ እኔም ስጋ ብቻ ነው" አለ። ዳቦ የለም፣ አትክልት የለም፣ ሽንኩርት እንኳ የለም። ስጋ፣ ጨው፣ ውሃ።

እኔ ደስ አለኝ። ምንም ይሁን ምን ልብላ ማለቱ ነው ብዬ። ሐኪም ጋ ወሰድኩት፤ ሐኪሙ ነገሩን አልወደደውም፣ ግን ጨርሶ ከሚራብ ለጊዜው ይብላ፣ እየተመላለሰ ደሙን እናያለን አለን። አንድም ቀጠሮ አላጓደልንም። እኔስ ብሆን ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ ምሩቅ አይደለሁ? እንደ ፈተና አጠናሁት፤ ስልኬ በስጋ አጠባበስ ቪዲዮ ተሞላ። የመጀመሪያው ጉበት ግን የጫማ ሶል ሆነ። በማግስቱ ፈርቼ ስቀቅለው አባባ ሳህኑን አየት አደረገና "የውሃ ምህንድስና ተምረህ መጥተህ ስጋዬን አሰጠምከው" አለኝ። እማማ ከሞተች ወዲህ ሲቀልድ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ቀስ በቀስ ለመድኩት። ስጋውን ከማቀዝቀዣ ቀደም ብዬ አወጣለሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አደርቀዋለሁ፣ ጨው እነሰንስበታለሁ፣ መጥበሻው በደንብ ሲግል አሳርፈውና እጄን እሰበስባለሁ፤ ቢነካኩት ይበላሻል። አጥንቱን ደግሞ ቀቅዬ መረቁን በኩባያ እሰጠዋለሁ። መጋረጃው፣ ትራሴ፣ ለቃለ መጠይቅ የምለብሰው ኮት ሳይቀር ጮማ ጮማ ይሸታል። ጎረቤታችን በአጥር በኩል "እናንተ ቤት በየቀኑ ሰርግ ነው እንዴ?" ብላ ቀለደችና ወዲያው ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። ምን ታድርግ፣ ሐዘን ቤት ድግስ ድግስ ሲሸት።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ስጋው ሳይሰለቸው አይቀርም፣ ላስደስተው ብዬ አንድ እሑድ የእማማን ድስት አወጣሁ። ሽንኩርቱን እሷ እንደምታደርገው ቀስ አድርጌ አቁላላሁ፣ ራሷ ካዘጋጀችው ቅመም በማንኪያ ጫፍ ጣል አደረግሁና ስጋውን ትዝ እስካለኝ ድረስ በምስሯ አሠራር ሠራሁት። አባባ ቀርቦ አንድ ጊዜ ጎረሰ። ማላመጡን አቆመ። ለመዋጥም ለመትፋትም ተቸግሮ ቆየና ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ስከተለው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አትቀየመኝ ልጄ አለኝ። "ጎመኑም እሷ ናት፣ ምስሩም እሷ ናት፣ ድንቹም እሷ ናት። ስቀምሰው ከወጥ ቤት ብቅ የምትል ይመስለኛል። ስጋን ግን እናትህ ጠረኑን ስለማትወድ እጇን አስነክታው አታውቅም። ስጋ ስበላ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አይደለሁም፤ የራበው ሰው ነኝ፣ በቃ" አለኝ።

እውነቱን ነው። በልጅነታችን ስጋ የምንበላው አባባ ምግብ ቤት ሲወስደን ብቻ አልነበር? ሹፌሩንም መንገድ ላይ አግኝቼ ስለዚያ ስጋው ጠየቅሁት። "እኔ?" አለና ድዱን ገልጦ አሳየኝ፤ "በየትኛው ጥርሴ?"

ስለዚህ እባክሽ እትዬ፣ ስትደውዪ ምን በላህ ብለሽ አትጠይቂው። አትክልት ጀምር አትበይው። ሐኪሙ ይብቃ ያለ ቀን እኔው እነግረዋለሁ። እስከዚያ ይብላ።

ሌላው ወሬ ሥራ ማግኘቴ ነው። ሩቅ ከተማ ባለ የውሃ መሥሪያ ቤት ሰኞ እጀምራለሁ። ጥሪው ሲደርሰኝ ዘለልኩ፤ ወዲያው መጥበሻውን አየሁና ቁጭ አልኩ። አልሄድም ልለው ስል ቀደመኝ፤ "ሂድ እንጂ፣ ስትጠብስልኝ ልታረጅ ነው?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ እያስተማርኩት ነው። እማማ ወጥ ቤት ድርሽ ሳታስደርገው ስለኖረች ምድጃ ማብራት እንኳ አያውቅም፤ ክብሪቱን ለኩሶ ይሸሻል። ትናንት ግን ብቻውን ጠበሰ። አንዱ ጎን አሯል፣ ሌላው ጥሬ ነው፤ ሁለታችንም ጥርግ አድርገን በላነው። "እናትህ ብታየኝ በሳቅ ትሞት ነበር" አለና፣ የተናገረው መልሶ ራሱን ወጋው መሰለኝ፣ ሳህኖቹን ሊያጥብ ተነሳ። ስሄድ አልፎ አልፎ እንድታየው ጎረቤታችንን አደራ ብያታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ። እኔ እንደ አባባ አይደለሁም። እሱ የሚሸሸው ጣዕም እኔን ይርበኛል። እዚህ ቤት ግን ሽንኩርት ማቁላላት አልችልም፣ ሽታው ያለበት ድረስ ሄዶ ያገኘዋል። የዚያን እሑድ ወጥ እንኳ ቶሎ ብዬ ለጎረቤት አሳልፌ ሰጠሁት፤ ማንኪያውን ግን ልሻለሁ። በአዲሱ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ማብሰያ አላት። አንቺ ከእሷ እጅ ተምረሻልና የምስሯን አሠራር ጻፊልኝ፤ ሽንኩርቱ ምን ሲመስል እንደሚበቃው፣ ውሃው መቼ እንደሚገባ፣ ምንም ሳታስቀሪ። በሬን ዘግቼ እሠራዋለሁ። እስካሁን አላለቀስኩም እኮ እትዬ፤ አባባን ሳበላ ጊዜ አጣሁ።

ጋሼን በጣም ናፍቄሃለሁ ብሎሃል በይልኝ። አማትሽን ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አባባም ሰላም ብሎሻል፤ "ደህና እየበላሁ ነው በላት" ብሏል።

ወንድምሽ

ከአባታችን ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
ዓርብ፣ ኅዳር 19 ቀን