ዳቦው ውስጥ የተገኘው ቀለበት

ወንድሜ መሳይ፣ ይህች ወረቀት ከጉለሌ ተነስታ ሐዋሳ ስትደርስ በደህና ታግኝህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እኔ ግን እስካሁን ከድንጋጤዬ አልወጣሁም! እሁድ የእማዬ ማኅበር እኛ ቤት ነበር። እንደ ልማዷ ራሷ አቡክታ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ቄሱ ባርከው ቆርሰው ሲያድሉ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉእመቤት “ወይኔ ጥርሴን!” ብለው ጮኹ። ከአፋቸው ያወጡት ምን መሰለህ? የእማዬን የጋብቻ ቀለበት! ያ በሳሙናም በዘይትም ታግለን አልወልቅ ያለን ቀለበት፣ ስታቦካ በራሱ ሾልኮ ሊጡ ውስጥ ቀርቷል።

ሰው ሁሉ ሳቀ። “በየማለዳው እንጦጦ ማርያም በእግሯ እየወጣች እንዴት አትቅጠን! ስፖርት እኮ ነው!” አሏት። እሷም አብራ ሳቀች። ከመስቀል ወዲህ ግን አንድም ቀን እንዳልወጣች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ቀለበቱን ክር ጠምጥሜበት መለስኩላት፤ ሳይመሽ እንደገና ወለቀ። አሁን አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር አስራዋለች።

ለገና እመጣለሁ ያልከውን ቀደም ብታደርገውስ? እማዬ “ደህና ነኝ በይው” ብላኛለች። ይኸው፣ ብያለሁ።

ናፋቂህ እህትህ ሊድያ