ከሻይ ብርጭቆ ሥር ስለተገኘው ዲስክ

ይድረስ ለክቡር የቤተ መጻሕፍታችን የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት ቢሮ፣ ከአዲሱ ወንበርዎ ጋር፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ የወገብዎን፣ የዓይንዎን፣ በተለይም የቀኝ እጅዎን አመልካች ጣት ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የጣትዎን ነገር ለይቼ ያነሳሁበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። የዚህን ደብዳቤ ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በማስለጠፌም ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ በርዎን ባንኳኳሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለምትነግረኝ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ሰው ሁሉ ያንብበው ብዬ ነው።

እኛ በምድር ቤት የምንገኘው፣ በዓይናችን ፈንታ በጣታችን የምናነብ የብሬል ክፍል ሰዎች ደህና ነን። ማተሚያችን ግን ቆሟል። የእህቴ ልጅ፣ እርስዎ ልጅ ሳለች ጉልበትዎ ላይ አስቀምጠው ተረት ያነበቡላት፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋ ደርሶ የሒሳብ መጽሐፏ እኩሌታው ላይ ተቋርጦ ቀርቷል። ሌላውን ትምህርት በጆሮዋ ትከታተላለች፤ ቅርጽና ስሌት ግን በጣት ካልተዳሰሰ አይጨበጥም። ይህን የምነግርዎ የማያውቁት ነገር ሆኖ አይደለም።

አንደኛ፣ ኮምፒውተሮቻችንን በሙሉ ስላዘመኑልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ባለሙያዎችዎ እኛ ዘንድ ወርደው፣ ኮምፒውተሮቹ ላይ የነበረውን ሁሉ ሙልጭ አድርገው ጠርገው አዲሱን ጫኑልን። ከዚያች ቀን ወዲህ ማተሚያው በዩኤስቢ ገመድ ሲሰካ ኮምፒውተሩ «ያልታወቀ መሣሪያ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ ድራይቨር የምትባለው ትንሽ ፕሮግራም እንደ ሽማግሌ መካከል ገብታ ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን የምታግባባ ናት። ከጥርጊያው ጋር የሄደችው እሷ ናት። ከባለሙያዎችዎ አንዱ መጥቶ ገመዱን ነቅሎ ሰካው፣ በሌላ ቀዳዳ ሞከረው፣ «ከመሣሪያው ነው» ብሎ ሄደ። እኔ ኮምፒውተሩ ማተሚያውን ባያውቀው አልቀየመውም። እርስዎ ግን ያንን ማተሚያ በትከሻዎ ተሸክመው ደረጃውን ያወረዱ ሰው ነዎት። «አሮጌና ያልታወቀ ዕቃ ስለሆነ ይወገድ» ከሚለው ውሳኔ ግርጌ የእርስዎ ፊርማ እንዳለ ጥበቃው ሲያነብልኝ፣ እስቲ ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ፤ ያው ነው።

እርስዎን ከልጅነቷ ጀምሮ «አጎቴ» ለምትልዎ ለእህቴ ልጅ ስነግራት ምን አለችኝ መሰለዎት? «አጎቴ ይሄን አያደርግም፤ ፊርማውን አስመስለውበት ይሆናል።»

ሁለተኛ፣ ችግራችንን ራሳችን እንድንፈታ ስለላኩልን መመሪያ እጅ እነሳለሁ። «በስክሪኑ ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ሲመለከቱ በመዳፊቱ (በማውሱ) ቀኝ ቁልፍ ይጫኑ» ይላል። ጥበቃው እዚህ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ቢጫ ሲያዩ ነው የሚለው፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። ሳቅን። ጥርስ ባዳ ነው። ቀጥሎ «የጎደለውን ድራይቨር ከኢንተርኔት ያውርዱ» ይላል፤ የኔትዎርኩ ድራይቨርም አብሮ ስለተጠረገ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር፣ ድራይቨር ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልገናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። መመሪያው የሚያበቃውም «ካልተሳካ በኢሜይል ያሳውቁን» በማለት ነው፤ ስለ ቀልድዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ደግሞስ ኢንተርኔቱ ቢኖርስ? የማተሚያውን ድራይቨር በጎረቤት ኮምፒውተር ሁሉ እንዲፈለግልኝ አድርጌአለሁ። ማተሚያውን የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። እኛ እጅ ያለችው ከማተሚያው ጋር በመጣው ዲስክ ላይ ብቻ ነበረች፤ ዲስኩ ደግሞ ባለሙያዎችዎ ቁም ሳጥናችንን ባጸዱ ቀን ጠፋ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሻዩ አመሰግናለሁ። ዲስኩን ፍለጋ ቢሮዎ ድረስ በወጣሁ ጊዜ ባለሙያዎችዎ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ሻይም አቀረቡልኝ። ብርጭቆውን አንስቼ መልሼ ሳስቀምጥ ጣቴ ከሥሩ አንድ ነገር ነካ። ክብ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ላዩ ላይ መስታወት የመሰለ ቀጭን ፕላስቲክ ተለጥፏል፤ ፕላስቲኩ ላይ ነጥቦች አሉ። አነበብኳቸው። «የማተሚያው ነፍስ። አይጣል» ይላሉ።

ነጥቦቹ ጠማማ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በጣም ተወግተዋል፣ አንዳንዶቹ ለጣት አይሰሙም። የጀማሪ እጅ ነው። ያን ጀማሪ አውቀዋለሁ። ከሥራ በኋላ ወደ ምድር ቤት እየወረደ መጽሐፍ ያነብልን የነበረ፣ «እትዬ፣ እኔም እንደናንተ በጣቴ ላንብብ» ብሎ የለመነኝ፣ እኔም አመልካች ጣቱን ይዤ ነጥብ በነጥብ ያስተማርኩት ሰው ነው። ብሬል መጻፍ በቻለ ቀን የመጀመሪያው ጽሑፉ ይህ ነበር። ሁላችንም አጨበጨብንለት።

ባለሙያዎን ይህ ዲስክ እንዴት እዚህ መጣ ብዬ ብጠይቀው፣ «ምንም አልተጻፈበትም እኮ እትዬ፤ ኃላፊው ራሳቸው በእጃቸው አገላብጠውት ባዶ ነው ብለው ነው የሰጡን» አለኝ። ሻዩን መጨረስ አቃተኝ። ሌላ ማንም ሰው ባዶ ቢለው ምን አለበት፤ ዓይን ያለው ነጥብ አያነብም። እርስዎ ግን! ክቡር ሆይ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይሉ ነበር፤ የወጋም የራሱን ጽሑፍ እስኪረሳ ድረስ ወንበር እንደሚያስረሳ የተማርኩት ከእርስዎ ነው።

ዲስኩን ይዤ ወርጃለሁ። የታችኛው ገጹ ከጠረጴዛው ጋር ሲፋተግ ከርሞ ኮምፒውተሩ ማንበብ ጀምሮ ይተወዋል። የእህቴ ልጅ ይህን አልሰማችም፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ልመና ግን አለኝ። ያኔ «ለክፉ ቀን» ብለው የዚህን ዲስክ አንድ ቅጂ ቤትዎ ወስደው ነበር። ክፉው ቀን መጥቷል።

ለሹመትዎ ዕድገትን፣ ለወንበርዎ ምቾትን፣ ለስብሰባዎ ፍጻሜን እየተመኘሁ፣ «ካልታወቀው መሣሪያ» አጠገብ ብድግ ብዬ እጅ የምነሳው፣

ያልታወቅኩት የምድር ቤት ሠራተኛዎ

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት ልኬልሃለሁ። አንተ ስልህ አትቆጣ፤ ለዓመታት አንተ ስልህ ኖሬአለሁ። ለጸሐፊህ ነጭ ወረቀት ይመስላታልና እንዳትጥለው ንገራት። የእህቴ ልጅ ለአጎቷ በእጇ የወጋችው ነው፤ ምን እንዳለችህ አላነበብኩም። ማንበቡ ከጠፋህ ና ውረድ፣ ጣትህን ይዤ እንደገና አስተምርሃለሁ። ብቻ ባዶ ነው ብለህ እንዳትፈርምበት።